ለልጅህ ልደት ብለህ የእናትህን ጠገራ አትሽጥ!

የዛሬው ደብዳቤ የመጣው ከመካነ ኢየሱስ ነው። ለማታውቋት፣ መካነ ኢየሱስ ማለት በደቡብ ጎንደር ከደብረ ታቦር ወደ ደቡብ ያለችው የእስቴ ከተማ ናት። ደብዳቤው አራት ገጽ ስለሆነ ሐሳቡን ሳንነካ አሳጥረነዋል። የላኪው ስም እንዳይወጣ አደራ ስለተባልን አይወጣም።

«ዕድሜዬ 29 ነው። የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለትዳርና የአንዲት ሴት ልጅ አባት። ልጄ የተወለደችው በጥር 2016 ዓ.ም. ነው። አሜሪካ ያለ አብሮ አደጌ እሱም ልጅ ወልዶ፣ የልጁ የልደት ዓመት የተቀረጸባቸውን ሳንቲሞች በሚያምር ሣጥን ገዝቶ አስቀመጠለት። ፎቶውን በስልክ ላከልኝ። ልጁ 18 ዓመት ሲሞላው ይሰጠዋል አሉ። ነገሩ ልቤን ነካው። እኔ አባቴ ሲሞት ከእጁ የተረፈ አንድም ዕቃ አላገኘሁም። ለልጄ ግን እንዲህ ያለ ማስታወሻ ልተውላት ብዬ ወሰንኩ።

መጀመሪያ የራሳችንን ሳንቲም ፈለግሁ። ሱቅ ለሱቅ፣ ባንክ ለባንክ ዞርኩ። ለሥራ ባሕር ዳር በሄድኩበት ጊዜም ያገኘሁትን ሳንቲም ሁሉ እያገላበጥኩ አየሁ። 2016 የሚል አጣሁ። ጓደኛዬ 'እንግዲያው የዚህን አገር የ2024 ልግዛልህ፤ ገንዘቡን ላክ' አለኝ። ከነማስመጫው ዋጋው ከአንድ ወር ደመወዜ ይበልጣል። እናቴ ከእናቷ የወረሰቻቸው አራት ጠገራ ብሮች ነበሯት። በልጄ ክርስትና ቀን 'የእሷ ናቸው' ብላ ሰጥታናለች። በቅርቡ አንድ ጠገራ የሚገዛ ሰው መጥቶ ዋጋ ነገረኝ። ጓደኛዬ ደግሞ 'ለእሱ ከምትሸጥ ወደ እኔ ላካቸው፤ እዚህ የተሻለ ያወጣሉ' ይላል። ሦስቱን ሸጬ ሳንቲሙን ላስመጣላት ብል ባለቤቴ 'አብደሃል!' አለችኝ። እናቴ 'ከሰጠሁ ሰጠሁ፣ እንዳላችሁ' ብላ ዝም አለች። ዝምታዋ ግን ደስ አይልም። ከባለቤቴ ጋር ከተኮራረፍን ሁለት ሳምንት ሆነን። እኔ ለልጄ ብዬ ነው፤ ጥፋቴ ምን ላይ ነው? የ2016 ሳንቲምስ የት ይገኛል?»

ወንድሜ፣ ፍላጎትህ ጥፋት የለበትም። አባቱ ያልተወለትን ለልጁ ለመተው የሚያስብ ሰው አይወቀስም። መንገድህ ግን ተሳስቷል፤ ባለቤትህም ልክ ናት። ለምን እንደሆነ ላስረዳህ፣ ትንሽ ታገሠኝ።

ከሳንቲሙ እንጀምር። በአሜሪካና በሌሎች ብዙ አገሮች ሳንቲም በየዓመቱ አዲስ ቀን ይቀረጽበታል። በ2023 የተመታው 2023 ይላል፣ በ2024 የተመታው 2024። ስለዚህ እዚያ የተወለደ ልጅ ሁሉ ማለት ይቻላል የራሱ ዓመት ሳንቲም አለው። ነጋዴውም ይህን አይቶ በሣጥን አሽጎ ለወላጅ ይሸጣል። የእኛ ሳንቲም ግን በዚህ ልማድ አልሄደም። የእኛ አንድ ጊዜ ቀን ይቀረጽበትና ያው ቀን ዓመታትን፣ አንዳንዴም አሥርተ ዓመታትን ይሻገራል።

አባቶቻችን በኪሳቸው ይዘውት የኖሩትን የንጉሡን ሳንቲም አስብ። በአንድ በኩል የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ምስል፣ በሌላው አንበሳው ያለበት፤ ቀኑ 1936 ነው። ያ ቀን ከጣሊያን ወረራ በኋላ የወጣው ገንዘብ ቀን ነው። የመጀመሪያዎቹ ተመትተው የመጡት ከአሜሪካ፣ ከፊላደልፊያ ነበር። ከዚያ በኋላ ሳንቲም ባነሰ ቁጥር እንደገና ይታዘዝ ነበር፤ ቀኑ ግን ያው 1936! እንዲህ እያለ እስከ ንጉሡ ዘመን ማብቂያ ድረስ ሄደ። በ1950 ተወልዶ የዓመቱን ሳንቲም ልፈልግ ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ እንዳንተው ዞሮ ዞሮ ባዶ እጁን በገባ ነበር።

የደርጉም ከዚህ አልተሻለም። በ1969 የገንዘብ ለውጥ ሲመጣ የአንበሳ ራስ ያለባቸው ሳንቲሞች ወጡ። አንድ ሳንቲሙ አሉሚኒየም ሆኖ በበሬ የሚያርስ ገበሬ አለበት። አምስቱ ጠመንጃ የያዘ ወታደር፣ አሥሩ ኒያላ፣ ስሙኒው እጃቸውን ያነሡ ወንድና ሴት፣ ሽልንጉ ደግሞ የሰዎች ስብስብ። ቀናቸው 1969። ደርግ ወድቆ፣ ሌላ መንግሥት ገብቶ፣ ባንዲራና መዝሙር ተቀይሮ፣ እኛ ዳቦ የገዛንባቸው ሳንቲሞች ላይ አሁንም ያው 1969 ነበር። በኋላ የመጡት ላይ 1996፣ 1998፣ 2000 የሚሉ ቀኖች ታገኛለህ። ባለ ሁለት ቀለሙ የአንድ ብር ሳንቲም ላይ ደግሞ 2002 ተጽፏል። እንግዲህ እነዚህ ዕድለኛ ዓመታት ናቸው። በመካከላቸው የተወለደ ልጅ ስሙን የሚጠራለት ሳንቲም ቢያጣ ጥፋቱ የአንተ አይደለም።

በነገራችን ላይ፣ ስታገላብጥ የነበረው ቀኑን በትክክል እያነበብክ ከሆነ ጎበዝ ነህ። የሳንቲሞቻችን ቀን የተጻፈው በግእዝ ቁጥር ነው። ፲፱፻፷፱ ማለት 1969፣ ፲፱፻፺፮ ማለት 1996፣ ፳፻፪ ማለት 2002 ነው። ብዙ የከተማ ልጅ ይህን ማንበብ አይችልም። ልጅህ ከፍ ስትል የግእዝ ቁጥር የምትማርበት ከዚህ የተሻለ ደብተር አታገኝላትም። ማግኔት ካለህ ደግሞ ሞክረው። አዲሶቹ ውስጣቸው ብረት ሆኖ ላያቸው የተለበጠ ስለሆነ ማግኔት ይይዛቸዋል። የ1969ኞቹን አይነካቸውም፤ ስሙኒና ሽልንጉ መዳብና ኒኬል፣ አምስቱና አሥሩ ናስ ናቸውና። ልጆች በዚህ ሲጫወቱ ሰዓቱ አይታወቃቸውም።

የቀን መቁጠሪያው ነገርም አለ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የእኛ አንድ ዓመት በፈረንጆቹ ሁለት ዓመት ላይ ይቀመጣል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20ዎቹ መጀመሪያ ድረስ የተወለደ ልጅ በእኛው ዓመት ላይ 7 ይደመርለታል፤ ከዚያ ወዲህ ያለው 8። ልጅህ የጥር ስለሆነች 2024 ያለው ጓደኛህ ትክክል ነው። በዚያው በ2016 ጥቅምት ላይ የተወለደች የጎረቤትህ ልጅ ግን 2023 ናት። ከውጭ ሳንቲም የምታስመጡ ሁሉ ከመክፈላችሁ በፊት ወሩን እዩ! እስራኤል አገር ወይም ሳውዲ ዘመድ ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጉድ ይጠብቃችኋል። የእስራኤሉ በአይሁድ አቆጣጠር በዕብራይስጥ ፊደል፣ የሳውዲው በሂጅራ ነው የሚቆጠረው። «ዓመቱ የታለ?» ብላችሁ ዘመዳችሁን እንዳትጣሉ።

አሁን ወደ ጠገራው። ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ነው ባለቤትህ የበለጠችህ።

ጠገራ የምንለው የኦስትሪያዋ ንግሥት የማሪያ ትሬዛ ብር ነው። ንግሥቲቱ የሞተችው እ.ኤ.አ. በ1780 ነው፤ ሳንቲሟም ያንኑ ቀን ይዞ ቀረ። ከሞተች በኋላ የተመታው ሁሉ፣ ዛሬ ቪየና ላይ የሚመታው ሳይቀር፣ 1780 ይላል። አየህ? አንተ የዓመቱን ቀን ስትፈልግ እናትህ የሰጠችህ በዓለም ላይ ቀኑ ባለመቀየሩ የታወቀውን ሳንቲም ነው። ቀኑ ያልተቀየረው በእኛ አያቶች ጭምር ነው ቢባል ሐሰት አይሆንም። በኢትዮጵያም በቀይ ባሕር ዙሪያም የነበረው ነጋዴና ገበሬ ከሚያውቃት መልክ የተለየች ብር አልቀበልም ይል ነበር። የዘውዷን ፈርጥና የትከሻዋን ጌጥ እያየ፣ ከደረቷ በታች ያሉትን ሁለት የላቲን ፊደላት እየፈለገ ነበር የሚቀበላት። አጤ ምኒልክ በ1887 ዓ.ም. ፓሪስ ላይ በራሳቸው መልክ ብር ቢያስመቱ፣ ክብደቱም ከጠገራዋ ጋር እኩል ቢሆን፣ አገሬው ጠገራዋን በቶሎ አልለቀቀም። ቀደም ብሎም እንግሊዞች በ1860 ዓ.ም. ወደ መቅደላ ሲዘምቱ በሌላ ገንዘብ እህልና አጋሰስ ማግኘት ስለማይቻል ጠገራ ጭነው ነበር የመጡት። ጣሊያን በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ1935 ለወረራው ሲዘጋጅ ከኦስትሪያ መብቱን ተቀብሎ ጠገራን ሮም ላይ ማስመታት ጀመረ። ከዚያ ለንደንም፣ ፓሪስም፣ ቦምቤይም ተመትታለች።

ታዲያ የእናትህ አራቱ ብሮች የትኛው ከተማ እንደተመቱ እኔም አንተም በዓይን አይተን አንለይም። ዋጋቸው ግን ከዚህ አይጀምርም። አንዷ ጠገራ 28 ግራም ገደማ ትመዝናለች። ከዚህ ውስጥ ከ23 ግራም በላይ ንጹሕ ብር ነው (ገንዘቡን ሳይሆን ጌጥ የሚሠራበትን ብር ማለቴ ነው)። ሦስቱን ስትሸጥ 70 ግራም ያህል ንጹሕ ብር ከቤትህ ወጣ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 ደግሞ የብር ዋጋ በዓለም ገበያ የቀድሞውን ክብረ ወሰን ሁሉ ያለፈበት ዓመት ነበር። በየከተማው እየዞረ ጠገራ የሚሰበስብ ሰው ይህን ሳያውቅ አይዞርም።

በምትኩስ ምን ይመጣልሃል? ተራው የአሜሪካ ሳንቲም ውስጥ ብር የሚባል ነገር የለም። ሩብ ዶላሩና አሥር ሳንቲሙ ከ1965 ጀምሮ መዳብና ኒኬል ናቸው። አንድ ሳንቲሙ ደግሞ መዳብ የተቀባ ዚንክ ነው። እንግዲህ ቁጭ ብለህ አስበው፦ የአያቷን ንጹሕ ብር ሰጥተህ ለልጅህ የተቀባ ዚንክ ልታመጣላት ነው! በእጅ የያዙት ወርቅ ከመዳብ ይቆጠራል የተባለው እንዲህ ላለው ጊዜ ነው።

ጠገራውን ወደ ጓደኛህ መላኩንም እርሳው። ቅርስ ከአገር ለማውጣት ፈቃድ እንደሚያስፈልግ በ1992 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 209 ይደነግጋል። የአንተ ጠገራ ቅርስ ነው አይደለም የሚለውን የሚወስነው ደግሞ ጓደኛህ አይደለም። በሰው ሻንጣ ልከህ ኤርፖርት ላይ ቢያዝ ብሩም ይቀራል፣ የያዘልህም ሰው ይጉላላል።

ደግሞስ ብሮቹ የማን ናቸው? እናትህ «ለልጅቷ» ብላ ሰጠች። ለአንተ አልሰጠችም። አንተና ባለቤትህ ጠባቂ ናችሁ። «እንዳላችሁ» ያለችው ፈቅዳ ይመስልሃል? የእኛን አገር እናት አታውቃትም እንዴ! ከእናቷ አንገት ወርዶ እሷ ጋ የደረሰውን፣ እሷም በክፉ ቀን ሳትሸጥ ያቆየችውን ነገር ልጇ በሁለት ዓመት ውስጥ ገበያ ሲያወጣው ምን ትበል? ዛሬ ማታ ሂድና «አልሸጥም» በላት። ይቅርታ ጠይቃት ማለቴ አይደለም፤ ገና ምንም አልሸጥክም። ስለ ብሮቹ ጠይቃት። አያትህ ከየት አገኘቻቸው? የጥሎሽ ናቸው? የእህል ሽያጭ? አራት ብቻ ነበሩ ወይስ ሌሎቹ ቀልጠው መስቀልና አልቦ ሆነዋል? አንዷ ላይ የተበሳ ቀዳዳ ወይም የተበየደ ማንጠልጠያ ካለ ማን እንዳሠራው አስታውሳ ትነግርሃለች። ቀዳዳ ያለውን ሰብሳቢ አይወደውም፤ ለልጅህ ግን ያ ቀዳዳ የቅድመ አያቷ አንገት ነው። የምትነግርህን ሁሉ ጻፈው። እናትህ ካለፈች በኋላ ይህን የሚነግርህ ሙዚየም የለም።

ከባለቤትህ ጋር ያለው ኩርፊያም በዚሁ ያበቃል ብዬ አስባለሁ። «ልክ ነሽ» ማለት ከከበደህ ይህን ጋዜጣ ገልጠህ ጠረጴዛ ላይ ተውላት።

«ታዲያ ልጄ ባዶ እጇን ትቅር?» ትለኝ ይሆናል። አይ! የልደት ዓመቷ የተጻፈበት ሳንቲም ባይኖርም፣ የተወለደችበት ዓመት ገንዘብ አለ። በ2016 በመካነ ኢየሱስ ገበያ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር የነበረውን ሰብስብላት። ይህን ማንም ፋብሪካ በሣጥን አሽጎ አይሸጥልህም፤ ወጪውም ከአንድ ምሳ አይበልጥም።

ከሳንቲሞቹ ከየዓይነቱ ሁለት ሁለት ያዝ፤ ያልተፋቀውን ምረጥ። አምስትና አሥር ሳንቲም ዛሬ ሱቅ ቢሰጡት ባለሱቁ ፊቱን የሚያዞርበት ስለሆነ ከመሳቢያና ከአሮጌ ቦርሳ ነው የሚገኘው። መልስ በማስቲካና በከረሜላ የሚሰጥበት ዘመን ላይ ነንና ሳንቲም ከዓይን እየራቀ ነው። አሉሚኒየሟን አንድ ሳንቲም ካገኘህ ደግሞ እሰየው! የአሥር፣ የሃምሳ፣ የመቶና የሁለት መቶ ብር ኖቶቹ በ2013 መስከረም የወጡት ናቸው፤ የተጻፈባቸው ቀን ግን 2012 ነው። የዓመቷ ባይሆኑም የተወለደች ዕለት በኪስህ የነበሩት እነሱ ናቸው። ሁለት መቶውን ማስቀመጥ ከከበደህ አሥሩ ይበቃል። ትዕግሥት ካለህ ደግሞ ውጭ አገር ያሉ ሰብሳቢዎች የሚወዱትን አንድ ብልሃት ልንገርህ። የኖቱን ተራ ቁጥር እያየህ 2016 የሚሉ አራት አኃዞች ተከታትለው ያሉበትን ፈልግ። ባንክ የሚሠራ ወዳጅ ካለህ ቶሎ ይገኛል፤ ከሌለህም ደመወዝ በተቀበልክ ቁጥር አገላብጥ። ስታገኘው ዋጋው ያው የኖቱ ዋጋ ነው፤ ልጅህ ግን «ዓመቴ!» ትላለች። ኖቱ ላይ ግን በእስክሪብቶ እንዳትጽፍ።

ከዚያ ዋናው ነገር ወረቀቱ ነው። አንድ ገጽ ላይ ልጅቷ በተወለደችበት ወር አንድ ኪሎ ጤፍ፣ አንድ ኪሎ ስኳር፣ ባጃጅ ከመናኸሪያ እስከ ቤታችሁ፣ የአንተ ደመወዝ ስንት እንደነበር ጻፍ። ቀኑን አስገባ፣ አንተም ባለቤትህም ፈርሙበት። 2016 ተራ ዓመት እንዳይመስልህ። በሐምሌ 22 ቀን የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተለቀቀ። አንድ ዶላር በባንክ ከ57 ብር ገደማ ተነሥቶ በጥቂት ሳምንት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። ልጅህ በተወለደችበት ጥርና በዚያው ዓመት ነሐሴ መካከል ያ አሥር ብር ሌላ አሥር ብር ሆኗል። ሃያ ዓመት ቆይታ ያንን ገጽ ስታነብ ከወርቅ ሣጥን የበለጠ ይገርማታል ብዬ እወራረዳለሁ።

ጓደኛህንም አታሳዝነው፤ እሱም ለበጎ ነው። «ስብስቡን ተወው፤ ከኪስህ የ2024 አንድ ሳንቲም፣ አምስት፣ አሥርና ሃያ አምስት ለቅመህ ሰው ሲመጣ ላክልኝ» በለው። ድምሩ 41 ሳንቲም ነው! ከአሜሪካ የሚመጣ እንግዳ አራት ሳንቲም በቦርሳው መያዝ አይከብደውም። አንድ ሳንቲሟ ደግሞ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2025 ለገበያ መመታቷን ስላቆሙ ከዚያ በኋላ የሚወለዱት አያገኟትም፤ ልጅህ ደርሳባታለች።

ስለ አቀማመጡ አጭር ነገር። ጠገራም ሆነ ሳንቲም በሎሚ፣ በአመድ ወይም በአሸዋ አይታሽም። እናቶቻችን ለበዓል ጌጣቸውን እንደሚያጸዱት ብታጸዳው ያብረቀርቃል፤ ላዩ ግን ይፋቃል፣ ከፋቁት አይመለስም። የጠቆረው ጠቁሮ ይቀመጥ። በፌስታል አትቋጥር፣ ክረምት ላይ እርጥበት ይይዛል። በጋዜጣም አትጠቅልል፣ በእኛም ቢሆን! ቀለሙና ወረቀቱ ብረት ያበላሻል። ንጹሕ ነጭ ወረቀት ወይም የጥጥ ጨርቅ፣ ከዚያ ክዳን ያለው ቆርቆሮ ሣጥን፣ ደረቅ ቦታ፣ አለቀ። የጠገራውን እውነተኛነት ማየት ከፈለግህ ወርቅ ሠሪ ጋ አስመዝነው። ማግኔት ከያዘው ሐሰት ነው። ጠርዙ ላይም በላቲን «በፍትሕና በምሕረት» የሚል ጽሑፍ ጎላ ብሎ መታየት አለበት። ለማስመዘን ስትሄድ ግን አራቱንም አትያዝ፣ ይዘህም አትለይ።

አንድ የሚያስፈራኝ ነገር አለ። ልጅህ ሁለት ዓመቷ ገደማ ነው። በዚህ ዕድሜ ሳንቲም የሚገባው አፍ ውስጥ ነው። እስክታድግ ድረስ ሣጥኑ ከቁመቷ በላይ ይቀመጥ፤ ፎቶ ለማንሣትም ቢሆን እጇ ላይ አታድርጉ። ማግኔቱንም እንዲሁ። ድንገት ብትውጥ ጣት ከቶ መጎርጎር፣ ዳቦ ወይም እንጀራ አጉርሶ «ይውረድ» ማለት አይገባም። ለሃጯ ከበዛ፣ መዋጥ ካቃታት፣ ደረቷን ካመማት ወይም አተነፋፈሷ ከተቀየረ ሳትውሉ ሳታድሩ ወደ ሐኪም ውሰዷት። ምንም ምልክት ባይታይም ሐኪም ይያት፤ በራጅ የት እንዳለ ይታወቃል። መሳልም ድምፅ ማውጣትም ካቃታት ግን መንገድ ሳትጀምሩ ወደ ፊት አጎንብሳችሁ በትከሻዋ መሃል በመዳፍ ምቷት፤ እርዳታም ጥሩ።

በዚሁ ጉዳይ ላይ ሌሎች ሁለት ደብዳቤዎች ስለነበሩ ባጭሩ እንመልስ።

የ1996 ልጅ ነኝ ብለሽ ከነፋስ መውጫ ለጻፍሽልን እህት፦ ዕድለኛ ነሽ። ፲፱፻፺፮ የሚል ሽልንግና ስሙኒ አለ። ገንዘብ አውጥተሽ አትግዢ፤ የሱቅ ሣጥን ውስጥ ይገኛል። ለእጮኛሽ የ1972 ሳንቲም ያልሽውም አለ። በዓለም የሕፃናት ዓመት ምክንያት የወጣ የሃያ ብር ሳንቲም ነው፤ ከብር የተሠራ ስለሆነ ግን ለመታሰቢያ እንጂ ለመገበያያ አልነበረም፤ ዋጋውም ኪስ ይነካል። (በቀመርሽ መሠረት እጮኛሽ 24 ዓመት ይበልጥሻል። ስለ እሱ በሌላ ደብዳቤ ጻፊልን።)

ከአዲስ አበባ፣ «1887 የሚል የምኒልክ ብር ፒያሳ አካባቢ አይቻለሁ፤ ቅድመ አያቴ በፈረንጅ 1887 ነው የተወለዱት፣ ልግዛላቸው?» ላልከን፦ ያ 1887 የእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጅ 1894 እና 1895 ላይ ይወድቃል። የቅድመ አያትህ ዓመት በእኛ 1879 ወይም 1880 ይሆናልና ሰባት ስምንት ዓመት ይራራቃሉ። ብሩን ለራሱ ከወደድከው ግዛው፤ ከመግዛትህ በፊት ግን ስድስት ኪሎ የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ሄደህ እውነተኛው ምን እንደሚመስል እይ። ሻጩ ሚዛን ላይ ላስቀምጠው ስትለው ካቅማማ ጥለህ ውጣ።